የጁሪ ወረቀት ሲመጣ፦ ጠበቆቹ ምን ፈልገው ነው የሚጠይቋችሁ?

የጁሪ ወረቀት (ከሌሎች ተራ ዜጎች ጋር ተቀምጣችሁ ክስ ሰምታችሁ ፍረዱ የሚል የፍርድ ቤት ጥሪ) የደረሰው ሀበሻ ሲደውልልኝ የመጀመሪያ ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ «እንዴት ነው የምቀረው?» ሰላምታው ራሱ ገና አላለቀም። ምን ይጠይቁኛል፣ ለምን ይጠይቁኛል የሚል ሰው በጣም ጥቂት ነው። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። እዚህ አሜሪካ የፍትሐ ብሔር ክስ በሚይዝ የሕግ ቢሮ ውስጥ ፓራሊጋል፣ ማለትም የጠበቃ ረዳት ነኝ። ፋይል አደራጃለሁ፣ ምስክር አስጠራለሁ፣ የችሎቱ ቀን ደግሞ ከጠበቃው ጎን ቁጭ ብዬ ለጁሪነት የተጠሩት ሰዎች የሚመልሱትን እጽፋለሁ። ስለዚህ ነገሩን የማየው ከጠያቂዎቹ ወንበር ነው። ከዚያ ወንበር ሲታይ ውጪ ከሚወራው በጣም ይለያል።

የመቅረቱን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ወረቀቱ የሚላከው ከመራጮች መዝገብ፣ በብዙ ስቴት ደግሞ ከመንጃ ፈቃድ ዝርዝር ላይ ስም በዕጣ ወጥቶ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጋም የሚመጣው ለዚህ ነው። ዜጋ ካልሆናችሁ «ዜጋ አይደለሁም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋችሁ መልሱት። አትጣሉት። ዜጋ ሳትሆኑ ዜጋ ነኝ ብላችሁ ግን በፍጹም እንዳትሞሉ፣ የኢሚግሬሽን ጣጣው ቀላል አይደለም። ዜጋ ሆኖ ለመቅረት ሲል ብቻ «አይደለሁም» የሚልም አለ። እሱም ብልጠት አይደለም። ለምሳሌ ቴክሳስ ውስጥ በዚህ ምክንያት የቀሩ ሰዎች ስም ለመራጮች መዝገብ ክፍል ይተላለፋል፣ ከዚያ በኋላ ዜግነታችሁን አስረዱ የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ እንደገና ወደ እኔ ይደወላል።

«እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው» የሚለውስ? ሕጉ በርግጥ ቋንቋ ይጠይቃል። በፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪ ለመሆን ዜጋ መሆን፣ 18 ዓመት መሙላት፣ በዚያ የፍርድ ቤት ክልል አንድ ዓመት መኖር፣ እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር ያስፈልጋል፤ በከባድ ወንጀል መከሰስ ወይም ተፈርዶብህ መብትህ ሳይመለስ መቅረትም ያስወጣል። ግን ዳኛው «ሥራህ ምንድን ነው? የት ነው የምትሠራው? ስንት ዓመት ሆነህ?» እያለ ይቀጥላል፣ ሰውዬውም አምስት ደቂቃ ሙሉ በጥሩ እንግሊዝኛ እንግሊዝኛ እንደማይችል ሲያስረዳ ይቆያል። ዳኛው ፈገግ ይልና «ቁጭ በል» ይለዋል።

ሀገር ቤት ጁሪ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ማስረጃ መዝኖም የሚፈርደው ዳኛው ስለሆነ፣ ብዙዎቻችን ጁሪ ሲባል ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የፊልም ነፍሰ ገዳይ ነው። ጁሪ ግን በገንዘብ ክርክርም ይቀመጣል። የመኪና አደጋ፣ የሕክምና ስህተት፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ አንሸራቶ የጣለ ወለል፣ ያለአግባብ ከሥራ መባረር፣ የፈረሰ ውል። በ1791 የጸደቀው ሰባተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) በፌዴራል ፍርድ ቤት ክርክሩ ከ20 ዶላር በላይ ከሆነ በጁሪ የመዳኘት መብት ይሰጣል። 20 ዶላሩ እስከ ዛሬ አልተነካም። ስቴቶች ደግሞ የየራሳቸው ሕግ አላቸው። አብዛኛው ክስ ችሎት ሳይደርስ በስምምነት ያልቃል፣ አንዳንዱ እንዲያውም ጁሪዎቹ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው እየጠበቁ ሳለ ነው የሚያልቀው። ያ ቀን ለእናንተ የጠፋ ቀን ይመስላችኋል፣ ግን ያስማማቸው ምናልባት የእናንተ እዚያ መገኘት ነው።

አሁን ወደ ዋናው። «ጁሪ ተመረጠ» ይባላል እንጂ በእውነቱ ማንም አይመረጥም። ሀገር ቤት ሽማግሌ ሲቀመጥ ከሳሽ የሚያምነውን ሰው ይጠራል፣ ተከሳሽም የራሱን ይጠራል፣ ከዚያ ሰብሳቢ ይጨመራል። እዚህ የሚፈልጉትን ሰው ማስገባት አይቻልም። የሚቻለው የማይፈልጉትን ማስወጣት ብቻ ነው። ቨርጂኒያን ብንወስድ፣ መደበኛው የፍትሐ ብሔር ጁሪ 7 ሰው ነው። ከጥያቄው በኋላ 13 ሰው ይቀራል፣ ከሳሽ 3 ያስነሳል፣ ተከሳሽ 3 ያስነሳል፣ የተረፉት 7ቱ ጁሪ ናቸው። ለእኛ በጣም የሚመቸን ሰው በሌላኛው ወገን ዓይን የመጀመሪያው ተሰናባች ነው። የኛም ብዕር የእነሱን ተወዳጅ ይሰርዛል። የሚቀሩት ሁለቱም ጠበቆች ያልፈሯቸው ሰዎች ናቸው።

ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በፌዴራል ፍርድ ቤት የፍትሐ ብሔር ጁሪ ከ6 ያላነሰ ከ12 ያልበለጠ ነው፣ ተከራካሪዎቹ በሌላ ካልተስማሙ በቀር ውሳኔውም በሙሉ ድምፅ መሆን አለበት። ካሊፎርኒያ ውስጥ 12 ሰው ተቀምጦ 9ኙ ከተስማሙ ይበቃል።

የጥያቄውን ክፍል ጠበቆቹ «ቯር ዲር» ይሉታል። ሁሉም ቃለ መሐላ ይፈጽማሉ፣ ይህን አትርሱ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ከዚያ ዳኛው የቀላሉን ይጀምራል። ከሳሹን የምታውቁ? ጠበቆቹን? ምስክሮቹን? ይህ ሆስፒታል ወይም ይህ ኩባንያ ውስጥ የሠራችሁ፣ አክሲዮን ያላችሁ? በፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛው ከፈለገ ጥያቄውን በሙሉ ራሱ ይጠይቅና ለጠበቆቹ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይተዋል። በብዙ የስቴት ፍርድ ቤቶች ደግሞ ጠበቆቹ ራሳቸው ተነስተው ይጠይቃሉ፣ አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሰው ሁሉ ፊት የማይነገር መልስ ካላችሁ ዳኛው ጠረጴዛ ድረስ መቅረብ ይቻላል። አንዳንድ ችሎት ውስጥ ያኔ በድምፅ ማጉያው «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይለቀቃል፣ ሌላው እንዳይሰማ። ይህን ጠይቁ፣ ተጠቀሙበት። ሰው ስለ ሕመሙ፣ ስለ ፍቺው፣ ስለ ሞተበት ልጅ ስልሳ ሰው ፊት እንዲናገር አይገደድም።

ከሁሉም ጥያቄ የሚከፋው የትኛው እንደሆነ ልንገራችሁ? «ፍትሐዊ ሆናችሁ መፍረድ የማትችሉ አላችሁ?» የሚለው ነው። ማን እጁን ያወጣል? ዳኛው ጥቁር ካባውን ለብሶ ከላይ ተቀምጧል፣ ባንዲራው አጠገቡ ነው፣ ጎረቤትህ እያየህ ነው። «እኔ ፍትሐዊ ሰው አይደለሁም» ብሎ የሚናገር ጤነኛ ሰው የለም። እኛ ሀበሾች ደግሞ ይሉኝታችን አለ። ዳኛ ሲጠይቅ አዎ ነው፣ ችግር የለም ነው። ከየትም ሀገር የመጣው ሰው እንደዚያው ነው፣ የኛ ግን ትንሽ ይብሳል። ፈረንጁ ቢያንስ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። እኛ አንገታችንን ጎንበስ አድርገን ዝም ካልን ምን እንደምናስብ እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው፣ እኔም ወረቀቴ ላይ ከሰውዬው የጁሪ ቁጥር ጎን ባዶ ቦታ ትቼ አልፋለሁ። ባዶ ቦታ ደግሞ ጠበቃን ያስፈራል። ዝም ያሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚነሱት ክፉ ነገር ስለተናገሩ አይደለም፣ ምንም ስላልታወቀባቸው ነው።

ጎበዝ ጠበቃ ስለዚህ ጥያቄውን ይገለብጠዋል። እንዲህ ይላል፦ «አንዳንድ ሰው ለሕክምና ወጪና ለቀረ ደሞዝ ካሳ መክፈል ተገቢ ነው፣ ለሕመምና ለስቃይ ግን ገንዘብ መስጠት ልክ አይደለም ብሎ ያምናል። ሌላው ሰው ደግሞ ስቃይም ዋጋ አለው ይላል። ሁለቱም ጨዋ ሰዎች ናቸው። እናንተ ወደ የትኛው ትጠጋላችሁ?» ይሄኔ ክፍሉ ይለወጣል። አንድ ጡረታ የወጣ ሰውዬ ይነሳና «እኔ አርባ ዓመት ጀርባዬን እያመመኝ ሠርቻለሁ፣ ማንንም አልከሰስኩም፣ ዛሬ ሰው በተንሸራተተ ቁጥር ሚሊዮን ይጠይቃል» ይላል። ሥራውን ስጀምር እንዲህ ያለ መልስ ስሰማ ሆዴ ይሸበር ነበር፣ በቃ ክፍሉን በሙሉ በከለብን እያልኩ። ጠበቃው ግን ከልቡ «አመሰግናለሁ» ይላል። ቀጥሎ «ከእሳቸው ጋር የሚስማማ ሌላ ማን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። እጆች ይወጣሉ። እኔ ቁጥራቸውን እጽፋለሁ። ሰውዬው ያንን የተናገረው አሁን ስለሆነ ደስ ይለናል፤ የምንፈራው ያንኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረው ጁሪዎቹ በር ዘግተው ሲመካከሩ እንዳይሆን ነው።

ሌላው የፍትሐ ብሔር ልዩ ጥያቄ የማስረጃው ሚዛን ነው። ወንጀል ላይ «ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ» መረጋገጥ አለበት። እዚህ ግን ከሳሹ ያለው ከተከሳሹ ይልቅ ትንሽ የበለጠ እውነት ከመሰለ ያሸንፋል፣ ጠበቆች 51 በመቶ እያሉ ያስረዱታል። ለብዙ ሰው ይህ አይዋጥለትም። «ትልቅ ገንዘብ ለማስፈረድ እርግጠኛ መሆን አለብኝ» ይላል። ሐቀኛ መልስ ነው። ግን ሕጉ ያን ያህል አይጠይቅም፣ ስለዚህ ያ ሰው ይነሳል ወይም ዳኛው ያነጋግረዋል።

ኢንሹራንስ ደግሞ አስቂኝ ነው። በመኪና ክስ ላይ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ኢንሹራንስ ነው፣ ግን ማንም ስሙን አይጠራውም። የፌዴራሉ የማስረጃ ደንብ ተከሳሹ ኢንሹራንስ አለው ወይም የለውም ብሎ ጥፋተኝነቱን ማስረዳትን ይከለክላል፣ ስቴቶችም ተመሳሳይ አላቸው። ስለዚህ ጠበቃው «ኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ፣ በክሌም (የካሳ ጥያቄ) ሥራ ላይ የሠራ አለ?» ብሎ በጎን ይነካትና ያልፋል። የሌላኛው ወገን ጠበቃ ወንበሩ ላይ ሲቁነጠነጥ ይታያችኋል።

ሁሌ የሚነሳ ሌላ ነገር አለ፣ የማክዶናልድስ ቡና። «ቡና ደፍታ ሚሊዮን በላች» የሚባለውን ያልሰማ የለም፣ እኛም ታክሲ ውስጥ እናወራዋለን። ነገሩ ይህ ነው። በ1992 አልበከርኪ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ስቴላ ሊቤክ የሚባሉ የ79 ዓመት እናት ቡናው ጭናቸው ላይ ተደፋ። ቃጠሎው ሦስተኛ ደረጃ ነበር፣ ሆስፒታል ተኙ፣ ቆዳ ተተከለላቸው። መጀመሪያ የጠየቁት 20,000 ዶላር ነበር፣ ኩባንያው 800 ዶላር አቀረበ። በ1994 ጁሪው የራሳቸውን 20 በመቶ ጥፋት ቀንሶ 160,000 ዶላር ካሳ፣ በላዩ 2.7 ሚሊዮን ዶላር የቅጣት ካሳ ፈረደ። ዳኛው ቅጣቱን ወደ 480,000 ዶላር አወረደው፣ በመጨረሻም በድብቅ ስምምነት አለቀ። ጠበቃ ስለዚህ ክስ ሲጠይቃችሁ ታሪክ ሊፈትናችሁ አይደለም። ስለ ከሳሾች ገና ከቤታችሁ ይዛችሁ የመጣችሁት አስተያየት ምን እንደሆነ ማየት ይፈልጋል። ያቺን ቡና እየሳቀ የሚያነሳት ሰው የኛም ደንበኛ የተሰበረ እግር ላይ ሊስቅ ይችላል።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ የሚያመራው ወደ ሁለት በሮች ነው። አንደኛው በምክንያት ማስነሳት ነው፤ ዳኛ «ይነሳልኝ» እንደሚባለው ማለት ነው። የተከሳሹ እህት ነው፣ ወይም «እኔ ሐኪም ላይ መፍረድ አልችልም» ብሏል፣ ስለዚህ ይነሳልን ይባላል። ዳኛው ካመነበት ቁጥር ገደብ የለውም። ግን እዚህ ጋ አንድ የማልወደው ነገር አለ። ሰውዬው በግልጽ «ይህን ኩባንያ አላምነውም» ካለ በኋላ፣ እንዲቀር የሚፈልገው ጠበቃ ወይም ዳኛው ራሱ ጥያቄውን ያለሰልሰዋል፦ «ይሁን፣ ግን ያንን ስሜትህን ወደ ጎን ትተህ፣ ማስረጃውን ሰምተህ፣ እኔ የምነግርህን ሕግ ተከትለህ መፍረድ ትችላለህ አይደል?» ሰውዬው «አዎ፣ እሞክራለሁ» ይላል። አለቀ። ተስተካከለ ይባላል፣ ይቀራል። ሐሳቡ ግን ከሁለት ደቂቃ በፊት ከነበረበት አልተነቃነቀም። የተለወጠው ከማን ጋር እያወራ እንደሆነ ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ ሥነ ሥርዓት ደካማው ክፍል ይሄ ነው፣ የመጀመሪያው መልስ ሁሌም ከሁለተኛው የበለጠ እውነት አለው።

ሁለተኛው በር ያለ ምክንያት ማስነሳት ነው። በፌዴራል የፍትሐ ብሔር ክስ እያንዳንዱ ወገን 3 አለው። ለምን እንዳስነሳህ አትጠየቅም። ወይም እንደዚያ ነበር የሚባለው። ይህን የቀየረው አንድ የግንባታ ሠራተኛ ነው፣ ታዲየስ ኤድመንሰን። ሉዊዚያና፣ ፎርት ፖልክ በሚባለው የጦር ሰፈር ውስጥ ሲሠራ የሊስቪል ኮንክሪት ኩባንያ መኪና ወደ ኋላ ተንከባሎ ከግንባታ መሣሪያ ጋር አጣበቀው። ከሰሰ። ኤድመንሰን ጥቁር ነው። ኩባንያው ከነበሩት 3 ያለ ምክንያት የማስነሻ ዕድሎች 2ቱን ጥቁሮችን ለማስነሳት ተጠቀመባቸው። ኤድመንሰን ምክንያቱን ይናገሩ ብሎ ጠየቀ። ዳኛው ይህ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው፣ አይመለከተውም አለ። በ1986 የወጣው የባትሰን ውሳኔ ዐቃቤ ሕግ በዘር ምክንያት ጁሪ እንዳያስነሳ ሲከለክል የተናገረው ስለ ወንጀል ክስ ነበርና። በመጨረሻ 11 ነጭና 1 ጥቁር ተቀመጡ። ጉዳቱን 90,000 ዶላር ገመቱት፣ ግን 80 በመቶ ጥፋቱ የራሱ ነው ብለው 18,000 ዶላር ሰጡት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991፣ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ፣ የግል ተከራካሪም ቢሆን በዘር ምክንያት ጁሪ ማስነሳት አይችልም አለ። ጠበቃው የግል ነው፣ ጁሪው ግን የመንግሥት ሥራ ነው የሚሠራው፣ የተጠራው በመንግሥት ወረቀት፣ የሚሰናበተውም በዳኛ አፍ ነው። ለእኛ ይህ ውሳኔ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ለጁሪነት ከተጠሩት መካከል ብቸኛዋ ጥቁር ሆና የተቀመጠችው ሀበሻ ነርስ ስትነሳ፣ የሌላኛው ወገን ጠበቃ ተነስቶ «ምክንያቱ ይገለጽልን» እንዲል የሚያስችለው ይሄው ውሳኔ ነው።

በ1994 ደግሞ ጾታ ተጨመረ። አላባማ ውስጥ በአባትነትና በልጅ ተቆራጭ ክርክር ላይ ስቴቱ ከ10 ዕድሉ 9ኙን ወንዶች ለማስነሳት ተጠቀመበት። ተከሳሹም በበኩሉ ከአንዱ በቀር በሙሉ ሴቶችን ነበር ያስነሳው። በመጨረሻ የተቀመጡት ሁሉም ሴቶች ሆኑ። ሁለቱም ወገን ያው ነበሩ እንግዲህ፣ ግን ደንቡ ወጣ።

ደንቡ ይሠራል ወይ? እኔን ከጠየቃችሁኝ በግማሽ ነው። ምክንያት ተናገር የተባለ ጠበቃ ምክንያት አያጣም። «ዓይኔን አላየኝም»፣ «ሰዓቱን እያየ ነበር»፣ «ሥራው ሶሻል ወርከር ስለሆነ ነው»። ዳኛው ጠበቃውን በውሸታምነት መፈረጅ አይወድም፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ይቀበላል። የዋሽንግተን ስቴት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ይህን አይቶ፣ ጠበቃው ሆን ብሎ አደረገው ወይ የሚለውን ትቶ፣ ነገሩን የሚያይ ሰው ዘር ገብቶበታል ሊል ይችላል ወይ የሚለውን መለኪያ የሚያደርግ ደንብ አወጣ። አሪዞና ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ ጭራሹኑ ያለ ምክንያት ማስነሳትን ሰረዘችው፣ ከስቴቶች የመጀመሪያዋ ናት። እኔ የምሠራበት ቢሮ ያሉ ጠበቆች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል። እኔ ግን ነገሩ ደስ ይለኛል፣ ለጥያቄው የሚሰጠው ጊዜ ከጨመረ።

ቃለ መሐላውን አትርሱ ብዬ ነበር። ዝም ያለ ወይም የደበቀ ጁሪ ምን ይሆናል? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 ያየው አንድ የካንሳስ ክስ አለ። አንድ ልጅ በሣር ማጨጃ መኪና እግሮቹ ተቆርጠው ቤተሰቡ አምራቹን ከሰሰ። ጥያቄው ላይ «እናንተ ወይም ቤተሰባችሁ ከባድ ጉዳት የደረሰበት አለ?» ተባለ። አንዱ ዝም አለ። በኋላ ሲጣራ የዚህ ዝም ያለው ሰው ልጅ የመኪና ጎማ ፈንድቶበት እግሩ ተሰብሮ ነበር። ሰውዬው ያንን እንደ ከባድ ጉዳት አልቆጠረውም። ፍርድ ቤቱ በቅንነት ከተሳሳተ ክሱ እንደ አዲስ አይታይም አለ፤ እንደ አዲስ እንዲታይ መልሱ ሐቀኛ አለመሆኑና እውነቱ ቢነገር ኖሮ በምክንያት የሚያስነሳው መሆኑ መታየት አለበት። ሁለተኛው በ2014 የተወሰነ የሳውዝ ዳኮታ ክስ ነው። ሞተር ሳይክል ነጂ በመኪና ተገጭቶ እግሩን አጣ፣ ከሰሰ፣ ተሸነፈ። ከውሳኔው በኋላ አንድ ጁሪ መጥቶ፣ የጁሪዎቹ ሰብሳቢ በምክክሩ ወቅት ልጇ በአንድ ወቅት ሰው የሞተበት አደጋ ላይ ጥፋተኛ እንደነበረች፣ ያኔ ተከሳ ቢሆን ኖሮ ሕይወቷ ይበላሽ እንደነበር ተናገረች አለ። በጥያቄው ጊዜ ግን ፍትሐዊ መሆን እችላለሁ ብላ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ፣ ውስጥ የተባለው ውስጥ ይቀራል፣ ማስረጃ አይሆንም አለ። እግሩን ያጣው ሰው በዚያው ቀረ። ይህን የማወራው ለማስፈራራት አይደለም። በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚስተካከል ነገር በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ጠበቆቹ ያን ሁሉ አሰልቺ ጥያቄ የሚደጋግሙት ለዚህ ነው።

ለእኛ ብቻ የሚመጣ አንድ ጥያቄም አለ። ከተከራካሪዎቹ ወይም ከምስክሮቹ አንዱ አማርኛ የሚናገር ከሆነ «አስተርጓሚው ካለው ውጪ ሌላ ብትሰማ ምን ታደርጋለህ?» ትባላለህ። ማስረጃው አስተርጓሚው የተናገረው እንግሊዝኛ ነው። ስህተት ከሰማህ ለዳኛው በጽሑፍ ታሳውቃለህ እንጂ ጁሪዎቹ ክፍል ገብተህ «እሱ እንኳ እንደዚያ አላለም» ማለት አይቻልም። ይህ ጥያቄ በ1991 በተወሰነ የኒው ዮርክ የወንጀል ክስ ላይ ስፓኒሽ የሚናገሩ ሰዎችን ለማስነሳት ምክንያት ሆኖ ቀርቦ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተቀብሎታል። አከራካሪ ነው። ለማንኛውም «ደንቡን እከተላለሁ» የሚለውን ከልባችሁ ማለት ከቻላችሁ በግልጽ በሉት፣ ካልቻላችሁም «አልችልም» በሉ።

ፌስቡካችሁም ይታያል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ2014 ባወጣው የሥነ ምግባር አስተያየት፣ ጠበቃ ለሁሉም ክፍት የሆነውን ገጻችሁን ማየት ይችላል፣ ፍሬንድ ሪኩዌስት መላክ ግን አይችልም። እኔ ራሴ ስም ዝርዝር እንደደረሰኝ የማደርገው የመጀመሪያ ሥራ ይሄ ነው። አንዳንዱ ጠዋት በቲክቶክ «ሁሉም ከሳሽ ሌባ ነው» ብሎ ለጥፎ ከሰዓት «ምንም አስተያየት የለኝም» ይላል።

ባለፈው አንድ ጋሼ ደውለውልኝ ነበር።

«ልጄ፣ ምን ብዬ ልውጣ?»

«ጋሼ፣ ምን ዓይነት ክስ ነው?»

«የሐኪም ነው አሉ። እኔ እንኳ ሐኪም ቢከሰስ ደስ አይለኝም፣ እግዚአብሔር የሚያደርገውን ሰው ላይ መለጠፍ ነው።»

«ይህንኑ ንገሯቸዋ!»

«ኧረ በስማም! ዳኛ ፊት?»

አዎ ጋሼ፣ ዳኛ ፊት። የሚፈለገው እሱ ብቻ ነው። ሃይማኖት ወይም ልማድ የፈጠረው አስተያየት ማፈሪያ አይደለም፣ እሳቸውም ለዚያ ክስ አይሆኑ ይሆናል እንጂ ለውል ክርክር በጣም ጥሩ ጁሪ ናቸው።

ስለ ገንዘቡ፦ ፌዴራል ፍርድ ቤት በቀን 50 ዶላር ይከፍላል፣ አንዳንድ ስቴት ከዚያ በብዙ ያንሳል፣ ፓርኪንግም ላይሸፍን ይችላል። ኡበር ለሚነዳና በሰዓት ለሚከፈለው ሰው ቀልድ አይደለም። ሕፃን ወይም የታመመ ሰው የምትንከባከቡ፣ አንድ ሳምንት ደሞዝ ቢቀር ኪራይ የማትከፍሉ ከሆነ በግልጽ ተናገሩ፣ ማስረጃ ያዙ። ዳኞች ይህን ይሰማሉ፣ ብዙ ጊዜም ቀኑን ያዛውሩላችኋል። ለፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪ ሆኖ የተጠራን ሠራተኛ በዚህ ምክንያት ማባረር በሕግ የተከለከለ ነው።

ከተነሳችሁ ምክንያቱን ማንም አይነግራችሁም። ጸሐፊዋ ቁጥራችሁን ትጠራለች፣ ተነስታችሁ ትወጣላችሁ። ጠበቃውን ኮሪደር ላይ አግኝታችሁ «ለምን?» ብትሉት ፈገግ ብሎ ያልፋችኋል፣ ክሱ እያለ ከጁሪ ጋር እንዳያወራ ታዟል። ከመውጣታችሁ በፊት ግን የተገኛችሁበትን የሚያረጋግጥ ወረቀት ክላርኳ ጋ ተቀበሉ፣ አሠሪያችሁ መጠየቁ አይቀርም።